«ኢንተርኔት ሲገባልን እንጀምራለን»፦ ስለ ክፍል ድረ ገጽ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ሐዋሳ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ከመምህራንና ከተማሪዎች ጋር የክፍል ድረ ገጽ ስንሠራ እንውላለን። የክፍል ድረ ገጽ ስል ትልቅ ነገር እንዳታስቡ። ልጆቹ ስለ ሐይቁ የጻፉት፣ የባዮሎጂ መምህሯ ያዘጋጀችው የምዕራፍ ማጠቃለያ፣ የፈተና ፕሮግራም። ሦስት አራት ገጽ፣ በቃ። ሥራው ራሱ ያን ያህል አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ሰው ይዞት የሚመጣው እምነት ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

«መጀመሪያ ኢንተርኔት ያስፈልጋል»

አንደኛው ይሄ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ስሄድ የኮምፒውተር ክፍሉ ተቆልፎ አገኘሁት። ኮምፒውተሮቹ ፕላስቲካቸውን እንደለበሱ ናቸው። «ኢንተርኔት ሲገባልን እንጀምራለን» አሉኝ። ሲጠብቁ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል።

ድረ ገጽ ማለት ፋይል ነው። ኖትፓድ በተባለው የዊንዶውስ ቀላል መጻፊያ ላይ ትጽፉታላችሁ፤ ሴቭ ስታደርጉ ከስሙ ኋላ «ነጥብ ኤችቲኤምኤል» ትጨምራላችሁ። ከዚያ ሁለቴ ክሊክ ነው። ክሮም ይሁን ፋየርፎክስ ፋይሉን እዚያው ኮምፒውተር ላይ አንብቦ ያሳያችኋል። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ሌላ ቦታ ያለ ሰው ገጹን እንዲያየው ስትፈልጉ ነው። እስከዚያ ድረስ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ያለ አንድ ሜጋባይት ዳታ መማር ይቻላል። ልጆቹ ሥራቸውን በፍላሽ ይዘው ይሄዳሉ፣ በፍላሽ ይዘው ይመጣሉ።

እርግጥ የመጀመሪያው ቀን አንድ ወጥመድ አለው። አንዷ ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የኔ ብቻ እምቢ አለ።» ሄጄ ሳይ ሁሉንም በትክክል ጽፋለች። ሁለቴ ስትነካው ግን የሚከፈተው ያው ኖትፓድ ነው። ጥፋቱ የሷ አይደለም። ዊንዶውስ የፋይል ስም ጭራ ይደብቃል። እሷ «ነጥብ ኤችቲኤምኤል» ስትል ኖትፓድ ደግሞ ከኋላው በዝምታ «ነጥብ ቲኤክስቲ» ቀጥሎበታል። ሴቭ ስታደርጉ የፋይል ዓይነቱን «ሁሉም ፋይሎች» የሚለው ላይ አድርጉት። ፎልደሩ ላይ ደግሞ ጭራው እንዲታይ አብሩት። እኔ አሁን ትምህርቱን የምጀምረው ከዚህ ነው፤ የስንት ሰዓት ልፋት መሰላችሁ የሚያድነው!

«ፕሮግራመር መሆን አለብኝ»

የለብዎትም። ኤችቲኤምኤል የፕሮግራም ቋንቋ አይደለም። ጽሑፍ ላይ ምልክት ማድረጊያ ነው። መምህር ደብተር ሲያርም በቀይ እስክሪብቶ «ይህ ርዕስ ነው፣ ከዚህ እስከዚህ አንድ አንቀጽ ነው» እንደሚለው ማለት ነው። ርዕስ፣ አንቀጽ፣ ዝርዝር፣ ሰንጠረዥ፣ ፎቶ፣ ሊንክ። አሥር ምልክት ያወቀ ሰው የክፍሉን ገጽ ጨርሷል። ቲም በርነርስ ሊ በ1989 እ.ኤ.አ. ሰርን በተባለው የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ሲሠራ የዌብን ሐሳብ ያቀረበው ተመራማሪዎች ሰነዶቻቸውን እንዲጋሩ ብሎ ነው። የመጀመሪያው ድረ ገጽ ፎቶ እንኳ አልነበረውም። ጽሑፍና ሊንክ ብቻ።

እስካሁን ካየኋቸው ሁሉ ቶሎ የገባት የአማርኛ መምህርት ናት። አንቀጽ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ ታውቃላ! የኮምፒውተር መምህሩ ገና ቀለም ሲመርጥ እሷ ጨርሳ ሻይ ልትጠጣ ወጣች።

«አማርኛ ዌብ ላይ ይበላሻል»

አማርኛው አይበላሽም፤ እኛ ነን የምናበላሸው። ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጠው የዩኒኮድ ሥርዓት የኛን ፊደል ያካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው በ3.0 እትሙ ነው። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በየትኛውም አገር ኮምፒውተር «ሀ» ነው። ግን ሕመሙ ሦስት ዓይነት ስለሆነ መለየት ያስፈልጋል።

ሳጥን ሳጥን ከታየ ፋይሉ ጤነኛ ነው። የጎደለው ኮምፒውተሩ ላይ የግዕዝ ፎንት ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ የግዕዝ ፎንት አብሮ ይመጣል። ከዚያ ለቆየ ማሽን አቢሲኒካ የተባለውን ፎንት በነፃ መጫን ይቻላል።

«áˆ» የመሰለ ወፍ የማያውቀው ነገር ከታየ ደግሞ ብሮውዘሩ የፋይሉን ኮድ አላወቀም ማለት ነው። ከገጹ ራስ ላይ «ይህ በዩቲኤፍ-8 (ዩኒኮድ ፋይል ውስጥ በሚቀመጥበት ኮድ) የተጻፈ ነው» የምትለውን አንድ መስመር ጨምሩ። ወዲያው ይድናል።

ጥያቄ ምልክት በጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን አዝናለሁ። ፊደሉ የለም፤ እንደገና ይጻፋል። የቆዩት ኮምፒውተሮች ላይ ያለው ኖትፓድ ካልነገሩት በቀር «አንሲ» በተባለው አሮጌ ኮድ ነው ሴቭ የሚያደርገው። አንሲ ግዕዝ አያውቅም። በርግጥ ኖትፓድ «ፊደሎቹ ይጠፋሉ» ብሎ ያስጠነቅቃል። ማን አንብቦት! ኦኬ ይጫናል፣ ፊደሉ ይሄዳል። አንድ መምህር የ4 ገጽ ማጠቃለያ እንዲህ ሲጠፋባቸው አይቻለሁ። ቀና ብለው ጣሪያውን አዩና «ሲጀመር በእጄ ጽፌው ነበር፣ ደብተሬ አለ» አሉ። ደብተር ይመስገን። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣው የዊንዶውስ 10 ኖትፓድ ራሱ ዩቲኤፍ-8ን ይመርጣል፤ ከዚያ በፊት የነበረው ላይ ግን ሴቭ ማድረጊያው ሥር «ኢንኮዲንግ» የሚለውን በእጅ ቀይሩ።

ከዩኒኮድ በፊት በተሠሩ ፎንቶች የተጻፉ የድሮ ፈተናዎችም አሉ። እነሱን ገልብጦ መለጠፍ ዋጋ የለውም፤ ከሥር ያለው ፊደል ላቲን ነው። ወይ በመቀየሪያ ማለፍ፣ ወይ እንደገና መጻፍ። ሲዳሙ አፎ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ይሄ ጣጣ የለበትም። ሁለቱን ቋንቋ አንድ ገጽ ላይ ማድረግም ይቻላል።

«ፎቶ ሲበዛ ያምራል»

ልጆቹ ፍቅር ሐይቅ ወርደው ፎቶ አነሱ። አሞራ ገደል ሄደው ዓሣ የሚያጸዱትን፣ ቆሮሶውን፣ አምባዛውን፣ ከጎን ድርሻውን የሚጠብቀውን አባ ኮዳ የተባለውን ትልቅ ወፍ። 12 ፎቶ፣ እያንዳንዱ 4 ሜጋባይት ገደማ። ገጹ ላይ እንዳለ ጫኑት። አንድ ወላጅ ይህን በስልኩ ሲከፍት 48 ሜጋባይት ዳታ ይበላበታል። ዳታው የራሱ ነው፣ ከኪሱ።

እስቲ አስቡት። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 የሚወስደው 3 ባይት ነው። ስለዚህ የአንድ ፎቶ ክብደት ከ1 ሚሊዮን ፊደል በላይ ነው። ልጆቹ የጻፉት ጽሑፍ በሙሉ የፎቶውን ጥግ አይሞላም። መፍትሔው ፔይንት ውስጥ አለ። ስፋቱን 1000 ፒክስል አድርጉት፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ300 ኪሎባይት በታች ይወርዳል። በዓይን ልዩነቱ አይታይም።

የፎቶ ነገር ከተነሳ፣ ስሙንም ተጠንቀቁ። ዊንዶውስ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል አይለይም። ገጹ የሚጫንበት ሰርቨር፣ ማለትም ገጹን ለሌላው ሰው የሚያደርሰው ኮምፒውተር፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በዊንዶውስ ሳይሆን በሊኑክስ ነው፤ እሱ ይለያል። ክፍል ውስጥ ቁልጭ ብሎ የታየ ፎቶ ዌብ ላይ ሲወጣ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ሁሉንም በትንሹ ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ ሰይሙ።

«ብር ይጠይቃል»

አይጠይቅም። ጊትሃብ ፔጅስም ሆነ ጉግል ሳይትስ በነፃ ያወጡላችኋል። የራሳችሁ የድረ ገጽ ስም ከፈለጋችሁ ይከፈልበታል። ለሦስት ገጽ ምን ያደርግላችኋል?

«ቴሌግራም ቻናል አለን፣ ምን ጎደለን?»

ይሄኛው ግማሹ እውነት ነው። «ነገ ትምህርት የለም» ለማለት ከቴሌግራም የሚሻል የለም። ግን ግንቦት ላይ የመስከረምን ማጠቃለያ ፈልጉ። ጣታችሁ እስኪደክም ወደ ላይ ነው። በመሀል ስንት የ«እንኳን አደረሳችሁ» ካርድ አለ! ገጹ ላይ ምዕራፎቹ በተራ ተቀምጠዋል። ሊንኩን ቻናሉ ላይ ፒን አድርጉት፤ ሁለቱ አይጣሉም። ፋይሉን ራሱን በቴሌግራም መላክም ይቻላል። ስልክ ላይ ጽሑፉ ይነበባል፣ ፎቶው ግን ብዙ ጊዜ አይመጣም፤ ፎልደሩ ውስጥ ቀርቷላ።

«ስምና ውጤት ብንለጥፍ ወላጅ ይደሰታል»

እዚህ ላይ አልስማማም፣ አልደራደርምም። ግቢ ውስጥ የሚለጠፍ ውጤት የሚያየው ግቢ የገባ ሰው ነው፤ ዝናብም ያነሳዋል። ዌብ ላይ የወጣ ግን ዓለም ያየዋል፣ ብታጠፉት እንኳ ሌላ ሰው ዘንድ ቅጂው ይኖራል። 47 ያገኘች ልጅ ሥራ ስትፈልግ 47ቷ ከስሟ ጋር እንዲከተላት ማን ፈቀደ? አገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት። እኛ የምናደርገው ቀላል ነው። የቡድን ስም ወይም የመጀመሪያ ስም ብቻ። ፎቶ ካስፈለገ የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ፤ ካልሆነም እጃቸውን፣ ሥራቸውን፣ ከጀርባ። ስልክ ላይ የቦታ ማመልከቻው በርቶ የተነሳ ፎቶ የተነሳበትን ቦታ በውስጡ ሊይዝ እንደሚችልም አትርሱ።

በዚያው ልክ «ከጉግል ያወረድኩት የማንም ነው» የሚባለው ልክ አይደለም። ጉግል አገናኝ እንጂ ባለቤት አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶንም ይጠብቃል። ደግሞ የአባ ኮዳን ፎቶ ከጉግል ማውረድ፣ ሐዋሳ ሆኖ? በሩ ላይ ቆሞ!

«አንዴ ከተሠራ አለቀ»

«የዘንድሮ ፈተና» የሚል ገጽ ከፍታችሁ ዘንድሮው ካቻምና ሆኖ አግኝታችሁ ታውቃላችሁ? እኛም ጋ ደርሷል። አሁን እያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ላይ የታረመበት ቀንና የሚከታተለው ክፍል ይጻፋል። ክፍሉ ሲያልፍ ከታች የሚመጡት ይረከባሉ።

ስለ ሐይቁ የተጻፈውን ገጽ ዘንድሮ የተረከቡት ልጆች መጀመሪያ ያደረጉት ስህተት መልቀም ነው። የቀድሞዎቹ «ጥቁር ውሃ ከሐዋሳ ሐይቅ ይወጣል» ብለው ነበር። ተገላቢጦሽ ነው፤ ጥቁር ውሃ ወደ ሐይቁ የሚገባ ወንዝ ነው፣ ሐይቁ በገጸ ምድር መውጫ የለውም። አንዱ ልጅ ኖትፓዱን ከፈተ፣ «ከ» የምትለውን አጥፍቶ «ወደ» አለ፣ «ይወጣል»ን «ይገባል» አደረገ፣ ሴቭ። ከሥሩ «ተስተካክሏል» ብሎ ቀኑን ጻፈ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም።