48 ሰዓት ሲሞላ ይለቀቃል?

ድሬዳዋ ውስጥ ከሳቢያን ሰፈር እስከ መጋላ፣ ሰው ሲታሰር ሰፈሩ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። «48 ሰዓት ካለፈው መልቀቅ ግዴታቸው ነው» ይባላል። አይደለም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የሚለው፣ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ነው። መልቀቅ ወይም ማቆየት የዳኛው ውሳኔ ነው። ፖሊስ ምርመራ አልጨረስኩም ካለ ቀጠሮ፣ ማለትም ተጨማሪ የምርመራ ጊዜ ይጠይቃል። ዳኛው ቢፈቅድ እንኳ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ መስጠት አይችልም።

ከ48ቱ ሰዓት ቆጠራ የሚቀነሰው ከተያዘበት ቦታ እስከ ፍርድ ቤት ያለው የመንገድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ያውም በአግባቡ የሚያስፈልገው። ከሩቅ የገጠር ቀበሌ ለመጣ ሰው ይገባል። እዚሁ ከተማ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ለተያዘ ሰው ግን የምን መንገድ? አንቀጹ ቅዳሜና እሁድን ለይቶ አይቀንስም።

ሰዓቱ አልፎ ካልቀረበስ? አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ለፍርድ ቤት ይቀርባል። ታሳሪው ካልቻለ ሌላ ሰው ስለ እሱ ማቅረብ ይችላል።

የተያዘበት ምክንያትም ወዲያው፣ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በሚቀላቀልባት ድሬዳዋ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ያልገባውን ወረቀት ከመፈረም ዝም ማለት ይሻለዋል፤ ዝምታም መብቱ ነው።