ተለዋዋጭ ታዳሽ ኃይል በደካማ የኤሌክትሪክ መረብ ውስጥ

ከነፋስና ከፀሐይ የሚመነጨው ኤሌክትሪክ መጠኑ እንደ አየሩ ሁኔታ ስለሚለዋወጥ ተለዋዋጭ ታዳሽ ኃይል ይባላል። ደካማ መረብ ሲባል በተለምዶ ያረጀ ወይም ኃይል የሚያንሰው መረብ ይታሰባል፤ በምህንድስና ግን ትርጉሙ ጠበብ ያለ ሲሆን፣ የሚገባው ኃይል ጥቂት በተለወጠ ቁጥር ቮልቴጁ በእጅጉ የሚዋዥቅበትን የግንኙነት ነጥብ ያመለክታል። የነጥቡ የሾርት ሰርኪት አቅም (መስመሮቹ እዚያ በቀጥታ ቢነካኩ መረቡ ሊያፈስበት የሚችለው ኃይል) እዚያ ለሚገናኘው ጣቢያ የማመንጨት አቅም ሲካፈል ውጤቱ ከ3 በታች ከሆነ፣ መረቡ በዚያ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ደካማ ይባላል። ጥሩ ነፋስና ፀሐይ ያለባቸው ሥፍራዎች ብዙ ጊዜ ከከተሞች ርቀው፣ በረጅም መስመር ጫፍ ላይ ስለሚገኙ ድክመቱ የሚበረታው እዚያው ነው።

በውኃና በእንፋሎት የሚሠሩ ጣቢያዎች ከባድ ተሽከርካሪ አካል ስላላቸው፣ አንድ ጀነሬተር በድንገት ሲወጣ በዚያ አካል ውስጥ ያለው ጉልበት የፍሪኩዌንሲውን (የኤሌክትሪኩ ሞገድ በሰከንድ የሚደጋገምበትን ቁጥር) መውረድ ያዘገየዋል። ፀሐይና ዘመናዊ የነፋስ ተርባይኖች ግን ከመረቡ ጋር የሚገናኙት በኢንቨርተር፣ ማለትም ቀጥተኛውን ኤሌክትሪክ ለመረቡ ወደሚስማማ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በሚቀይር መሣሪያ በኩል ነው። የተለመደው ኢንቨርተር የመረቡን የቮልቴጅ ሞገድ እየተከተለ ይሠራል፤ በደካማ መረብ ላይ ግን የሚከተለው ሞገድ ኢንቨርተሩ ራሱ በሚያስገባው ኃይል ይናወጣል። የጉዳዩ እምብርት ይህ ይመስለኛል፤ የነፋሱ መምጣትና መሄድ በትንበያ፣ በግድብና በባትሪ ሊቻል ይችላል፣ ይህኛው ግን የመረቡን ጥንካሬ ራሱን ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 ቀን 2016 በደቡብ አውስትራሊያ ማዕበል የማስተላለፊያ መስመሮችን ሲጥል ቮልቴጁ በተደጋጋሚ ወደቀ፤ አንዳንድ የነፋስ ጣቢያዎችም መከላከያቸው ከተወሰነ ቁጥር በላይ መዋዠቅን እንዳይታገሥ ተደርጎ ስለነበር 456 ሜጋ ዋት ቀነሱ። የጎደለውን የሸፈነው ከቪክቶሪያ የሚመጣው መስመር ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ሲቋረጥ ግዛቱ በሙሉ ጨለመ። ነፋስ በዚያ ሰዓት አልጠፋም፤ የተሳሳተው የመከላከያው ቅንብር ነበር፣ እሱም ኋላ ተስተካክሏል። በ2017 በዚያው ግዛት 100 ሜጋ ዋት ባትሪ ተተከለ፤ ቀጥሎም ነዳጅ ሳያቃጥሉ እየተሽከረከሩ ለመረቡ ጥንካሬ የሚሰጡ አራት ሲንክሮነስ ኮንደንሰሮች በ2021 ሥራ ጀመሩ።

ባትሪ ብቻውን መረቡን ያጠነክራል ማለት አይደለም፤ ኢንቨርተሩ ሞገድ ተከታይ ከሆነ እሱም ደጋፊ ፈላጊ ነው። ስለዚህ ሞገዱን ራሱ የሚፈጥር፣ መረብ ሠሪ የሚባል ኢንቨርተር ከባትሪ ጋር መተከል ጀምሯል።