ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ግን ማን ታቅፎት?

መቼም ይሄን ተረት ያልሰማ ሐበሻ የለም። ልጅ ሆነን ፈተና ስንወድቅ እናቶቻችን፣ ስደት መጥተን ወረቀት አልሳካ ሲለን ዘመድ በስልክ፣ ሁሉም "አይዞህ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ነው ሚሉን። አንዳንዱ ደሞ "እግር አውጥቶ ይሄዳል" ብሎ ያሳምረዋል። ትርጉሙ ምንድነው ብለህ ብትጠይቅ መልሱ አንድ ነው፣ ትዕግስት፣ ጠብቅ ይመጣል። እኔ ግን ተረቱ ስለመጠበቅ አይመስለኝም፣ ይሄ የገባኝ ደሞ አገር ቤት ሳይሆን እዚ ዋሽንግተን በቤዝቦል ምክንያት ነው፣ አትሳቁብኝ።

2018 ላይ ፓርኪንግ እሰራ ነበር፣ አብሮኝ ማታ ሚሰራው ሰውዬ ዶሚኒካን ነው፣ ስልኩ ላይ ቤዝቦል ካልከፈተ ፈረቃው አያልቅለትም። እኔ ጨዋታው ሰው ቆሞ ሚተክዝበት ነገር ነበር ሚመስለኝ። ያን ሰሞን አፉ ላይ አንድ ስም ብቻ ነው ያለው፣ ሁዋን ሶቶ፣ የሳንቶ ዶሚንጎ ልጅ፣ 19 ዓመቱ፣ የዋሽንግተኑ ቡድን ናሽናልስ ከማይነር ሊግ፣ ከታችኛው ሊግ ማለት ነው፣ ጠርቶት ነው። "ፖኮ ኣ ፖኮ" ይላል፣ ቀስ በቀስ ማለት ነው በነሱ። እኔም ደስ ብሎኝ የኛን ተረት በሰባራ እንግሊዝኛዬ ተረጎምኩለት። ሳቀና ምን አለኝ፣ "እንቁላሉን ማን ታቀፈው?"

መልስ አልነበረኝም፣ ኋላ ግን ሳስበው ተረቱ ያለው እዛ ጥያቄ ውስጥ ነው።

መነሻው የዶሮ ቤት ነው እንጂ ሌላ ፍልስፍና የለውም። እናቴ ቅርጫት ላይ ገለባ ታነጥፍና እንቁላሎቹን ደርድራ ዶሮዋን ታስታቅፋለች፣ ከዛ 21 ቀን ገደማ። ከውጪ ካየኸው በመጀመሪያው ቀንም እንቁላል ነው በሃያኛው ቀንም ያው እንቁላል ነው። ውስጡ ግን ልብ ይመታል፣ ደም ስር ይዘረጋል፣ አጥንት ይጠነክራል። ዶሮዋም እንደምታስበው ዝም ብላ አልተቀመጠችም፣ በቀን ስንት ጊዜ በምንቃሯ ታገላብጣቸዋለች፣ ካልተገላበጠ ጽንሱ ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቅና ይበላሻል፣ ጥሬ ልትለቅም ብድግ ካለችም ሳይበርዳቸው ሮጣ ትመለሳለች። ስለዚ ተረቱ ውስጥ ያለው "ቀስ በቀስ" እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም፣ ከውጪ ማይታይ ስራ ነው እንጂ። እንቁላልማ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ይገማል፣ እግር አያወጣም።

የሶቶን መንገድ እዩት። ናሽናልስ ያስፈረመው በ2015 ነው፣ ገና 16 ዓመቱ ሳለ፣ በ1.5 ሚሊዮን ዶላር። ብሩ አይኑን ያፈዘው ሰው "በቃ አለቀለት" ይላል፣ ግን ቤዝቦል እንደኛ እግር ኳስ ጎበዝ ስለሆንክ ነገ ዋናው ቡድን ሚያሰልፍህ አይደለም። መሰላል አለ፣ ከታች የጀማሪዎቹ፣ ከዛ ሲንግል ኤ፣ ሃይ ኤ፣ ደብል ኤ፣ ትሪፕል ኤ፣ ከዛ በላይ ነው ሜጀር ሊግ ሚባለው። የታችኞቹ ትናንሽ ከተሞች ውስጥ ነው ሚጫወቱት፣ ጉዞው በአውቶቡስ ነው፣ ክፍያው ደሞ አይወራ። የማይነር ተጫዋቾች በማህበር ተደራድረው የመጀመሪያውን የጋራ ውል ያገኙት በ2023 ነው፣ በሱም ትሪፕል ኤ ላይ ያለ ልጅ ትንሹ ክፍያ በዓመት 35,800 ዶላር ሆነ፣ ከዛ በፊት 17,500 ነበር። በዛው ዓመት አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ሜጀር ሊግ ላይ ያለው ትንሹ ደመወዝ 720,000። አንድ ደረጃ ነው እንግዲ።

ሶቶ በ2017 ሄገርስታውን ነበር፣ ሜሪላንድ፣ ሲንግል ኤ፣ ከዚ በመኪና አንድ ሰዓት ምናምን። ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ሲያገግም ደሞ እጁ ላይ ያለች ትንሽ አጥንት ተጎድታ ኦፕራሲዮን ሆነ፣ ዓመቱን ሙሉ የተጫወተው 32 ጨዋታ ብቻ ነው። ከውጪ ላየው ሰው ምንም ያልተሰራበት ዓመት፣ ያው እንቁላል። በቀጣዩ ዓመት ግን እዛው ሄገርስታውን ጀመረ፣ 16 ጨዋታ፣ ከዛ ዉድብሪጅ ቨርጂኒያ፣ አዎ የኛ ሰዎች ቤት ሚገዙበት ዉድብሪጅ፣ ሃይ ኤ፣ 15 ጨዋታ፣ ከዛ ሃሪስበርግ ፔንሲልቬንያ፣ ሜዳው ወንዝ መሃል ደሴት ላይ ነው ያለው፣ እዛ ደብል ኤ ላይ 8 ጨዋታ። በድምሩ 39። በነዛ ውስጥ 14 ሆም ራን መታ፣ ኳሷን ከሜዳ አሳልፎ መላክ ነው እሱ፣ የመምታት አማካዩ .362፣ ከሶስት ሙከራ አንዱን በላይ ማለት ነው፣ በዚ ስፖርት ከሶስት አንዱን የመታ ደሞ ንጉስ ነው። ለማነፃፀር፣ ማይክል ጆርዳን ራሱ በ1994 ቅርጫት ኳሱን ትቶ በርሚንግሃም ደብል ኤ ላይ ሲሞክር .202 ነው የመታው። ጆርዳን እኮ ነው!

አሁን "ታዲያ ይሄ የቱ ጋ ነው ቀስ በቀስ፣ ልጁ በረረ እንጂ" ሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ትሪፕል ኤን ጭራሽ ሳይረግጣት ነው ያለፈው። ሜይ 20 የተጠራውም ሰዓቱ ደርሷል ተብሎ ሳይሆን ከላይ ያሉት ተጫዋቾች ተጎድተው ቦታ ስለተከፈተ ነው። እዚ ጋ ሌላ ተረት አለን፣ "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል"፣ ሰዉም ሚፈራው እሱን ነበር።

ልጅ ሆኜ አንዷ ጫጩት ቅርፊቷን በስታ ስትታገል አይቼ አሳዘነችኝ፣ ከቅርፊት መውጣት ብቻውን ቀኑን ሙሉ ሊፈጅ እንደሚችል የት አውቄ፣ ላግዛት ብዬ በጥፍሬ ላጥኩላት። ደም መጣ። ማታ ላይ ሞታ አገኘናት፣ እናቴም "ማን እጅህን ስደድ አለህ" ብላ ጆሮዬን ይዛ ዶሮዋ ፊት አቆመችኝ። ቤዝቦልም ላይ እንዲ ይሆናል፣ ኋላ ትልቅ ኮከብ የሆነውን ማይክ ትራውትን በ2011 በ19 ዓመቱ ጠርተውት 40 ጨዋታ ላይ .220 መታ፣ የ2012ን ሲዝን ተመልሶ ሶልት ሌክ ትሪፕል ኤ ነው የጀመረው። እሱ ደግነቱ አልሞተም፣ ኤፕሪል መጨረሻ ተመልሶ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች በሙሉ ድምፅ ሆነ።

ተረቱ ላይ ቅር ሚለኝ ነገር ግን አለ። ሚያወራው ስለተፈለፈለው ብቻ ነው። ከታቀፉት ውስጥ ስንቱ ገምቶ እንደተጣለ አይነግርህም። ከ2021 ጀምሮ በድራፍት ብቻ፣ ክለቦቹ ተራ በተራ አዲስ ልጅ ሚመርጡበት ማለት ነው፣ 30ው ክለቦች በየዓመቱ ወደ 600 ልጅ ይመርጣሉ፣ ከዶሚኒካንና ከቬንዝዌላ ሚፈርሙት ሳይቆጠሩ። ሜጀር ሊግ ላይ ያለው ቦታ ደሞ ለአንድ ክለብ 26 ነው፣ ጠቅላላ 780፣ እሱም በአርበኞቹ የተያዘ። የቀሩትን ምን እንበላቸው? እኛ ጋ "ከርሞ ጥጃ" ነው ሚባሉት፣ ዘንድሮም ጥጃ ለከርሞም ጥጃ፣ ግን ፍርዱ ይከብዳል፣ ያ ልጅ እኮ አልሰነፈም፣ ያገላበጠው ላይኖር ይችላል፣ ወይ ታቃፊዋ ተነስታ ሄዳበት ይሆናል። ሄገርስታውን ራሷ እንዲ ነው የሆነችው፣ ከ2020 በኋላ ሜጀር ሊጉ ማይነር ቡድኖቹን ከ160 ወደ 120 ሲቀንስ ተቆረጠች፣ ሶቶ የተጫወተበት ሜዳም በ2022 ፈረሰ። ቅርጫቱን ጭምር ጣሉት ማለት ነው።

ሶቶ አሁን ኒውዮርክ ሜትስ ጋ ነው፣ ለ15 ዓመት በ765 ሚሊዮን ዶላር የፈረመው። ዶሚኒካኑ ወዳጄ ግን ስለብሩ አያወራም፣ ሚወደው አንድ ነገር አለ። ናሽናልስ ሜይ 15፣ 2018 ከኒውዮርክ ያንኪስ ጋር ሲጫወት በዝናብ ተቋርጦ ጨዋታው ጁን 18 ቀጠለ፣ ሶቶ ያኔ ቡድኑ ውስጥ ስለነበር ተቀይሮ ገባና አሸናፊውን ሆም ራን መታ። ህጉ ደሞ ሁሉም ነገር ጨዋታው በተጀመረበት ቀን ይመዝገብ ነው ሚለው። ስለዚ መዝገቡን ብታዩ ልጁ ሜጀር ሊግ ከመግባቱ አምስት ቀን በፊት ሜጀር ሊግ ላይ ሆም ራን መቷል፣ ሜይ 15 ደሞ በአካል ገና ማይነር ሊግ ነበር። "ያንተ እንቁላል ሳይፈለፈል ሄደ" ይለኛል፣ እስካሁን በደወለ ቁጥር።