ስድስተኛው ጥርስ፦ ስለ ልጆች ጥርስ መበስበስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በባሕር ዳር የልጆችን ጥርስ ሳክም ዓመታት ተቆጠሩ። ከወላጆች አዘውትሬ የምሰማው ቃል «ዶክተር፣ የወተት ጥርስ ነው፤ ነገ ይወልቃል» የሚል ነው። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ጉንጯ ያበጠ የ7 ዓመት ልጇን ይዛ ስትመጣም ይህንኑ አለችኝ። የተቦረቦረው ጥርስ ግን የወተት አልነበረም፤ ልጅቱ ዕድሜ ልኳን ልታኝክበት የበቀለ ቋሚ መንጋጋ ነበር። እናትየዋ ለልጇ የምትሳሳ፣ ከሩቅ ቀበሌ በሌሊት ተነሥታ የመጣች ሴት ናት። ቀድሞ የነገራት ሰው አልነበረም እንጂ ቸልተኛ አይደለችም። ይህን የምጽፈው እሷን እያሰብኩ ነው።

«የወተት ጥርስ ስለሚወልቅ ቢበሰብስም ግድ የለም»

የወተት ጥርሶች 20 ናቸው። የፊቶቹ ከ6 እስከ 8 ዓመት ባለው ጊዜ ይወልቃሉ፤ መንጋጋዎቹ ግን እስከ 10፣ አንዳንዴም እስከ 12 ዓመት ይቆያሉ። በ4 ዓመቱ መንጋጋው የተቦረቦረ ልጅ ገና ስድስትና ሰባት ዓመት ሊበላበት ነው። ሕመሙ እንቅልፍ ይነሣዋል፣ ከምግብም ከትምህርትም ያርቀዋል። ቁስሉ ሥር ከሰደደ ከሥር የሚያድገውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳ ይችላል። ያለ ጊዜው ሲነቀል ደግሞ ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ይጠጋሉ፤ ቋሚው መውጫ ያጣና ተጣሞ ይበቅላል።

እዚሁ ባሕር ዳር በ147 የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ 32ቱ የበሰበሰ ጥርስ እንዳላቸው አሳይቷል። ከጉዳቱ ሦስት አራተኛው የወተት ጥርስ ላይ የደረሰ ነበር። እንግዲህ «ግድ የለም» የምንለው ዋናውን ጉዳት ነው።

«በ6 ዓመት የሚበቅለው መንጋጋም የወተት ነው»

ከስሕተቶች ሁሉ አብዝቶ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ልጁ 6 ዓመት ገደማ ሲሆነው ከመጨረሻው የወተት መንጋጋ ኋላ አዲስ ጥርስ ይወጣል። የሚወልቅለት ጥርስ ስለሌለ ማንም ልብ አይለውም። የፊት ጥርስ ሲወልቅ ቤቱ ሁሉ ይስቃል፣ ጥርሱ ጣሪያ ላይ ይወረወራል፤ መንጋጋው ግን በዝምታ ይመጣና በዝምታ ይበሰብሳል። ዛሬ ማታ የልጃችሁን አፍ ከፍታችሁ ከፊት መሐል ጀምራችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ። የወተት ጥርስ ከላይም ከታችም በእያንዳንዱ ጎን አምስት ብቻ ነው። ስድስተኛ ካገኛችሁ ቋሚ ነው፤ ከወለቀ ምትክ የለውም።

የዚህ ጥርስ ማኘኪያ ገጽ በጠባብና ጥልቅ ስንጥቆች የተሞላ ነው። የብሩሽ ፀጉር እዚያ ውስጥ አይገባም፤ ስኳርና ባክቴሪያ ግን ይገባሉ። ስለዚህ ሐኪሙ ስንጥቆቹን አጽድቶና አድርቆ በቀጭን ሽፋን ይደፍናቸዋል። ሲላንት የምንለው ይህ ነው። መርፌ የለውም፣ መሰርሰር የለውም፣ ለአንድ ጥርስ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። በደንብ ከተያዘ ለዓመታት ይቆያል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት መንጋጋዎች ላይ ከሚደርሰው መበስበስ 80 በመቶ ያህሉን ይከላከላል። የዚያችን ልጅ አንዱን መንጋጋ ማትረፍ አልቻልንም። የቀሩት ሦስቱ ጤነኞች ስለነበሩ በዚያው ሳምንት ሸፈንናቸው። ከአንድ ዓመት ቀደም ብላ መጥታ ቢሆን አራቱንም እንሸፍናቸው ነበር።

«ካላመመው ሐኪም ዘንድ ምን ይሠራል?»

ጥርስ የሚያመው ብስባሱ ወደ ነርቩ ሲቃረብ ነው። ከዚያ በፊት ድዱ አጠገብ እንደ ኖራ የነጣ ምልክት ይታያል። ያ ምልክት ገና አልተቦረቦረም፤ ፍሎራይድ በተባለው ማዕድን ሊጠነክርና ባለበት ሊቆም ይችላል። ፍሎራይድ ቫርኒሽ የተባለው ቅባት በትንሽ ብሩሽ ጥርሱ ላይ ይቀባል፤ ከደቂቃዎች አያልፍም፣ በየ3 ወይም በየ6 ወሩ ይደገማል። ጥርሱ ለአንድ ቀን ቢጫ ቢመስል አትደንግጡ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ፍሎራይድ ያለውን የጥርስ ሳሙና ሳይቀር በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል።

«ፍሎራይድ ጥርስ ያበልዛል»

ስጋቱ መሠረት አለው። በስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ በወንጂ አካባቢ፣ በጉድጓድ ውኃ ውስጥ በተፈጥሮ የበዛ ፍሎራይድ የብዙ ሰዎችን ጥርስ አበልዟል። ጣና ግን የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ አይደለም፤ የሳሙናው መጠንም በእጃችን ነው። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የአንድ ሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለው የአንድ አተር ያህል ይበቃል። አረፋውን ይትፋው፤ አፉን በብዙ ውኃ ባይጉመጠመጥ ይሻላል።

«ማር ተፈጥሯዊ ነው፤ ጥርስ አይጎዳም»

የጎጃምን ማር እወዳለሁ፤ ለጥርስ ግን ማርም ስኳር ነው። ሸንኮራ አገዳም፣ በሻይ የተነከረ ዳቦም እንዲሁ። ከመጠኑ ይልቅ ድግግሞሹ ይከፋል። ልጁ ጣፋጭ በቀመሰ ቁጥር ባክቴሪያዎች ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ ጥርሱ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይጠቃል። ጣፋጩ ከምሳ ጋር ይሁንለት። ማታ ደግሞ ምራቅ ስለሚቀንስ፣ ጣፋጭ የተሞላ ጡጦ አፉ ውስጥ ሆኖ እንዲተኛ አታድርጉ።

«መፋቂያ ካለ ብሩሽ አያስፈልግም»

መፋቂያን አትናቁት፤ በትጋት ከተፋቁበት ያጸዳል። ቀደም ብዬ በጠቀስኩት የባሕር ዳር ጥናት ከሦስት ልጆች ሁለቱ ጥርሳቸውን በመፋቂያ ነበር የሚያጸዱት። የሚጎድለው ፍሎራይዱ ነው፤ ለኋላ ጥርስም በትንሽ ልጅ እጅ አይመችም። እስከ 7 ወይም 8 ዓመት ወላጅ ራሱ ይቦርሽለት፤ በተለይ ከመኝታ በፊት።

«ጥርሱን ትል በላው»

ትል የለም። ጭስ ማጠንም ቀዳዳውን አይደፍንም።

«ግግ ካልወጣለት ተቅማጡ አይቆምም»

ሕፃኑ ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው ድዱን በስለት መፈልፈል እስካሁን አልቀረም። ግግ ተብሎ ድዱ ላይ የሚታየው እብጠት ሊበቅል የተዘጋጀ ጥርስ ነው። ሲፈለፈል ደም ይፈስሳል፣ ቁስሉ ይመረቅዛል፣ ከሥር ያለው የቋሚው ጥርስ ጽንስም ይጎዳል፤ ከዓመታት በኋላ ቋሚው ተበላሽቶ ይወጣል ወይም ጭራሽ አይወጣም። ተቅማጡ የሚመጣው ሕፃኑ በዚያ ዕድሜ መዳህና ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ መክተት ስለሚጀምር ነው። ጡት አታቋርጡበት። ኦአርኤስ በጥብጣችሁ ስጡት፣ ወደ ጤና ጣቢያም ውሰዱት፤ ዚንኩን እዚያ ይሰጧችኋል። ድዱን ግን ማንም አይንካው።