ለአዘጋጁ የሚጻፍ ደብዳቤ በሕክምና ጆርናሎች

አንድ የሕክምና ጥናት ከመታተሙ በፊት ጥቂት ባለሙያዎች ይገመግሙታል። ከታተመ በኋላ ግን ገምጋሚው አንባቢው ራሱ ነው። ስሌቱ አልገጥም ያለው ወይም በራሱ ሕመምተኞች ላይ ሌላ ነገር ያየ ሐኪም ለአዘጋጁ ይጽፋል። ቦታው ጠባብ ነው። በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣን ጥናት የሚተች ደብዳቤ ከ175 ቃል ማለፍ የለበትም፤ ጥናቱ በታተመ በ3 ሳምንት ውስጥም መድረስ አለበት። ስለዚህ መግቢያ ምናምን የለም፣ የቱ ሰንጠረዥ ላይ የቱ ቁጥር እንዳላሳመነህ ወዲያው መናገር ነው። የጥናቱ ጸሐፊዎች መልስ ከሰጡ አብሮ ይታተማል።

ደብዳቤ ለትችት ብቻ አይደለም፣ የማንቂያ ደወልም ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 መጨረሻ አውስትራሊያዊው የማህፀን ሐኪም ዊልያም ማክብራይድ ላንሴት ለተባለው የሕክምና ጆርናል አጭር ደብዳቤ ላከ። በእርግዝና ጊዜ ታሊዶማይድ የተባለውን መድኃኒት የወሰዱ እናቶች ከባድ የአካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች እየወለዱ ነው፣ ይህን ያየ ሌላ ሰው አለ ወይ ብሎ አንባቢዎቹን ጠየቀ። በጥር 1962 ጀርመናዊው ቪዱኪንድ ሌንዝ እዚያው ላንሴት ላይ 52 እንዲህ ያሉ ሕፃናት ማየቱን ጻፈ።

ሳይነበብ የሚጠቀስ ደብዳቤ ግን ጣጣ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ1980 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል አንዲት ባለ 5 ዓረፍተ ነገር ደብዳቤ ወጣች። ሆስፒታል ተኝተው ናርኮቲክ (እንደ ሞርፊን ያለ) የሕመም ማስታገሻ ከተሰጣቸው 11,882 ሰዎች መካከል፣ ቀድሞ ሱስ ያልነበረባቸው ሆነው በግልጽ ሱስ የያዛቸው 4 ብቻ ናቸው ትላለች። በቃ፣ ይኸው ነው። እቤታቸው ለወራት ስለሚወስዱት ሰዎች አንድም ቃል የላትም። ሆኖም መድኃኒቱ ሱስ አያስይዝም ለማለት ስትጠቀስ ኖረች። እ.ኤ.አ. በ2017 ተመራማሪዎች ቆጠሩ፦ 608 ጽሑፎች ጠቅሰዋታል፣ 439ኙ ሱስ ብርቅ ለመሆኑ ማስረጃ አድርገዋታል፣ አብዛኞቹ ሕመምተኞቹ ሆስፒታል የተኙ መሆናቸውን እንኳ አላነሱም። ይህ ቆጠራም የወጣው እዚያው ጆርናል ላይ፣ በደብዳቤ መልክ ነው። ጆርናሉም በአሮጌዋ ደብዳቤ ላይ ማሳሰቢያ ለጠፈባት።

እኔን የሚያሳስበኝ የጊዜ ገደቡ ነው። 3 ሳምንት አዲስ ጥናት ላይ ለመከራከር ይበቃ ይሆናል። ቁጥሮቹን ቁጭ ብሎ እንደገና ለሚያሰላ ሰው ግን በጣም ያንሳል። የ1980ዋ ደብዳቤ አጠቃቀም በዝርዝር ተቆጥሮ እዚያው ጆርናል ላይ እስኪወጣ 37 ዓመት ፈጅቷል።