ታቲ ስኮን ምንድን ነው?

ታቲ ስኮን የስኮትላንድ የድንች ቂጣ ነው። የተቀቀለ ድንች ይደፈጠጣል፤ ቅቤ፣ ጨውና ትንሽ የስንዴ ዱቄት ይገባበታል፤ ከዚያ ሳሳ ተደርጎ ይዳመጥና በጋለ ምጣድ ላይ ይጋገራል። በቃ። እርሾ የለውም፣ እንቁላል የለውም፣ ወተትም አያስፈልገውም። «ታቲ» በስኮትላንዶች የቤት አነጋገር ድንች ማለት ነው።

ስኮን ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው ከሻይ ጋር የሚመጣውን፣ በቤኪንግ ፓውደር የሚነፋውንና በማርማላታ የሚበላውን ነው። ይሄኛው ሌላ ነው። ውፍረቱ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ክብ ሆኖ ከተዳመጠ በኋላ አራት ቦታ ይቆረጣል። ላዩ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አለው፤ ውስጡ ግን ለስላሳ ስለሆነ ስታጥፉት አይሰበርም።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። ጥሩ ታቲ ስኮን ድንች ድንች ይላል። ዱቄቱ የሚገባው ድንቹን ለማያያዝ ያህል ብቻ ነው። ዱቄት ከበዛበት ተራ ቂጣ ይሆናል፤ ያውም ሲበርድ እንደ ቆዳ የሚለጠጥ ቂጣ። ሌላው የአሠራሩ ጣጣ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ለምን እንደዚህ ሆነ? የስኮትላንድ የጥንት እህል አጃና ገብስ ነው። በሰሜኑና በምዕራቡ በኩል ብርዱና ዝናቡ ለስንዴ አይመችም፤ ስለዚህ የስንዴ ዱቄት ለድሃ ቤት ውድ ነገር ነበር። ብዙ ቤት ውስጥ ዳቦ መጋገሪያ ምድጃም አልነበረም። የነበረው «ገርድል» የሚባል ክብና ጠፍጣፋ የብረት ምጣድ ነው፤ እጀታው እንደ ባልዲ ከላይ ስለሆነ ከእሳቱ በላይ ይንጠለጠላል። የአጃ ቂጣውም የገብስ ቂጣውም እዚያ ላይ ነበር የሚጋገረው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ድንች ከጓሮ ወጥቶ ማሳ ሲሞላ ጊዜ እሱም ወደ ገርድሉ መጣ። ከራት የተረፈ ድንች ላይ አንድ እፍኝ ዱቄት ጣል ማድረግ ነው፤ የነገ ቁርስ ተገኘ ማለት ነው።

በደጋማው የስኮትላንድ ክፍልና በደሴቶቹ ላይ ድንች ከቁርስም በላይ ነበር። ትንሽ ቁራሽ መሬት ብቻ የነበረው ገበሬ ቤተሰቡን የሚያኖረው በድንች ነበር። በ1846 (እ.ኤ.አ.) አየርላንድን ያስራበው የድንች በሽታ እነሱንም መታቸው። ችግሩ አሥር ዓመት ገደማ ዘለቀ። ብዙ ሰው መሬቱን ጥሎ ወደ ካናዳና ወደ አውስትራሊያ ተሰደደ። ይህን ሳያነሱ ስለ ስኮትላንድ ድንች ማውራት ለእኔ ጎደሎ ነው። ዛሬም ኦክቶበር ላይ ትምህርት ቤት የሚዘጋበትን ሳምንት «የታቲ ዕረፍት» የሚሉ አሉ። ድሮ ልጆች በዚያን ሰሞን ድንች ለቀማ ይወጡ ነበር።

አሁን ታቲ ስኮን በየዳቦ ቤቱና በየሱፐርማርኬቱ በጥቅል ይሸጣል። ዋናው ቦታው የጠዋት ሳህን ላይ ነው። ከእንቁላል፣ ከቤከን፣ ሎርን ከሚባለው አራት ማዕዘን ቋሊማ፣ ከቲማቲምና ከእንጉዳይ ጋር ይቀርባል። ግላስጎ ውስጥ ደግሞ ከሎርኑ ጋር ዳቦ መሀል ገብቶ በእጅ እየተያዘ ይበላል። ጎረቤት ሰሜን አየርላንድም የራሷ የድንች ቂጣ አላት። ኖርዌዮች ደግሞ የእነሱን ስስ የድንች ቂጣ ቋሊማ ይጠቀልሉበታል።

ወደ ወጥ ቤት እንግባ። ለስምንት ቁራሽ ግማሽ ኪሎ የተላጠ ድንች፣ ከ100 እስከ 125 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ ከ25 እስከ 50 ግራም ቅቤና አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው ይበቃል። ቅቤው ለዳቦ የሚቀባው ዓይነት ይሁን። ንጥር ቅቤ አልመክርም፤ ኮረሪማውና ኮሰረቱ የድንቹን ጣዕም ይውጡታል። በጾም ወቅት ከሆነ በዘይት ይሠራል፤ ጣዕሙ ትንሽ ቢቀንስም ሊጡ አይበላሽም።

ነገሩ ያለው ድንቹ ላይ ነው። እንግሊዝ አገር ያላችሁ ማሪስ ፓይፐር፣ ኪንግ ኤድዋርድ ወይም ሩስተር ግዙ። ሌላ ቦታ ከሆናችሁ ሲቀቀል የሚፈነዳና የሚፈረካከስ ድንች ፈልጉ። ሲቀቀል ቅርጹን ይዞ የሚቀረው፣ ለሰላጣ የምንወደው ድንች እዚህ አይሆንም። እርጥበቱ ብዙ ስለሆነ ሊጡ እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ሲጣበቅ ዱቄት ትጨምራላችሁ፤ ያኔ ድንቹ ተረሳ ማለት ነው።

ድንቹን ትልልቅ አድርጋችሁ ቆራርጡት። የደቀቀ ድንች ብዙ ውሃ ይጠጣል። ሹካ ያለችግር ሲገባለት ውሃውን ድፉና ድስቱን መልሳችሁ ለስለስ ያለ እሳት ላይ አስቀምጡት። አንድ ሁለት ደቂቃ እየነቀነቃችሁ ጠብቁ። እዚህ ላይ ዓይናችሁን ከድንቹ አትንቀሉ። መጀመሪያ እንፋሎቱ ወፈር ብሎ ይወጣል። ቀጥሎ የድንቹ ላይ የሚያብለጨልጨው ነገር ይጠፋል። ከዚያ ጠርዝ ጠርዙ ነጭ ሆኖ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፤ የድስቱ ግድግዳ ላይም ስስ ነጭ ነገር ይይዛል። ደርቋል ማለት ነው፤ አውርዱት። ይህችን ሁለት ደቂቃ የዘለለ ሰው በኋላ በዱቄት ይከፍላታል።

ሳይበርድ ደፍጥጡት። ጓል እንዳይቀርበት፤ ሊጡ ስስ ስለሚዳመጥ ጓሉ ይቀደዋል። ብሌንደር ግን አታስጠጉት። ምላጩ የድንቹን ሕዋሳት ስለሚበጣጥስ ስታርቹ ፈስሶ ይወጣል፤ ድንቹም ሙጫ ይሆናል። ቅቤውንና ጨውን በትኩሱ አስገቡ። እንፋሎቱ በረድ ሲል፣ ገና ለብ እንዳለ፣ ዱቄቱን ጨምሩ። ለብ ያለ ድንች በትንሽ ዱቄት ይያያዛል። የቀዘቀዘው ስታርቹ ስለሚደርቅ እየተፈረፈረ ያስቸግራል።

ዱቄቱን ባንዴ አትገልብጡት። ሁለት ሦስተኛውን አድርጉና በእጃችሁ ሰብስቡት። መዳፍ ላይ ካልተጣበቀና ስትጫኑት ለስለስ ካለ በቃው፤ የተረፈውን ዱቄት ለመዳመጫ ተጠቀሙበት። እንደ ዳቦ ሊጥ ማሸት አይገባም። ብዙ በታሸ ቁጥር ይጠነክራል።

ሊጡን ለሁለት ክፈሉት። ዱቄት ነስንሳችሁ ግማሽ ሴንቲ ሜትር እስኪሆን ዳምጡት፤ ትንሽ ሳህን ገልብጣችሁ ዙሪያውን ብትቆርጡ ክቡ ያምራል። አራት ቦታ ቁረጡትና ላዩን በሹካ ወጋ ወጋ አድርጉት። እንፋሎቱ በዚያ ይወጣል፤ አለበለዚያ ቂጣው መሀሉ ያብጣል።

ምጣዱ ወፈር ያለ መጥበሻም ቢሆን ይሆናል፤ እሳቱ መካከለኛ ይሁን። ሙቀቱን ለማወቅ ቆንጠር ያለ ዱቄት ጣል አድርጉበት። ቀስ ብሎ ቡናማ ከሆነ ደርሷል፤ ወዲያው ከጠቆረ እሳቱን ቀንሱ። ቅቤ ወይም ዘይት በስሱ አስነኩትና በየጎኑ ሦስት አራት ደቂቃ ጋግሩ። የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ያላችሁ ስምንቱንም ባንዴ ማውጣት ትችላላችሁ። ግን በቅቤ አታሹት፤ ሽታው ለእንጀራው ይተርፋል። ዱቄት ብቻ በስሱ ነስንሱበት። አክንባሎም አይከደንበት፤ እንፋሎቱ ተመልሶ ላዩን ያረጥበዋል።

እንደወጣ በንጹሕ ፎጣ ጠቅልሉት። የራሱ ሙቀት ያለሰልሰዋል። በትኩሱ ቅቤ ቀብቶ መብላት አንድ ነገር ነው። እኔ ግን የበለጠ የምወደው የማግስቱን ነው። ፍሪጅ ውስጥ ያደረው ቁራሽ ጠዋት መጥበሻ ላይ ሲመለስ ጠርዙ ኮሽ ይላል፣ ውስጡ እንደለሰለሰ ይቀራል። እንቁላል የተጠበሰበት መጥበሻ ሳይታጠብ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።