ታኬሪያ፦ የሜክሲኮ የሰፈር ምግብ ቤትና የዋጋው ሚዛን

ታኬሪያ በመሠረቱ ታኮ፣ ማለትም በትንሽ የበቆሎ ቂጣ ላይ ሥጋ ተደርጎ የሚታጠፍ ምግብ፣ የሚሸጥበት ቤት ነው፤ በአሜሪካ ከተሞች ግን ቡሪቶ የሚባለው ጥቅልል፣ አይብ የሚገባበት ኬሳዲያና ሌሎች የሜክሲኮ ምግቦች የሚቀርቡበትን፣ ደንበኛው ባንኮኒው ላይ አዝዞና ሒሳቡን ከፍሎ ቁጥሩ ሲጠራ ምግቡን ራሱ የሚያነሣበትን አነስተኛ የሰፈር ቤት ያመለክታል። አስተናጋጅ ጠረጴዛ ድረስ ስለማይመጣ ተመጋቢው ለምግቡ እንጂ ለሌላ ነገር ብዙም እንደማይከፍል ይታሰባል፤ የቤት ኪራይ በናረበት ከተማ ግን ይህ በከፊል ብቻ እውነት ነው።

በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የሚገኘው የሚሽን ሰፈር እንዲህ ያሉ ቤቶች በብዛት ከሚገኙባቸው ሥፍራዎች አንዱ ሲሆን፣ ስሙን ያስጠራለትም በሰፈሩ ስም የሚጠራው ቡሪቶ ነው። ቶርቲያ የሚባለው ቂጣ፣ ለቡሪቶ ሰፊ የስንዴ ቶርቲያ፣ በእንፋሎት ከለሰለሰ በኋላ ሩዝ፣ ቦሎቄ፣ ሥጋና ሳልሳ የተባለው የቲማቲምና የበርበሬ ማባያ ይደረግበትና ተጠቅልሎ በፎይል ይታሸጋል። ቀድሞ የሸጠው ማን እንደሆነ እስካሁን ያከራክራል፤ ኤል ፋሮ የተባለው ቤት ባለቤቶች እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1961፣ የሌላው ቤት የላ ኩምብሬ ባለቤቶች ደግሞ በሴፕቴምበር 1969 እንደጀመሩት ይናገራሉ። ቺፖትሌ የተባለውን ሰንሰለት ምግብ ቤት በ1993 ዴንቨር ላይ የከፈቱት ስቲቭ ኤልስም ሐሳቡን ያገኙት ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በሼፍነት ሲሠሩ ካዩዋቸው ከእነዚህ ቤቶች ነበር።

ዋጋን በመጠን የሚለካ ሰው የሚሳሳተው በዚሁ ቡሪቶ ነው። ሩዝና ቦሎቄ ርካሽ ስለሆኑ አንድ ቤት ብዙም ሳይወጣበት እጅ የሚሞላ፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ ቡሪቶ ሊያቀርብ ይችላል፤ ጥያቄው ከውስጡ ሥጋው ምን ያህሉን ይይዛል የሚለው ነው። ሚጌል ሃራ በ1973 የከፈቱት ላ ታኬሪያ ቡሪቶው ውስጥ ሩዝ ባለመጨመር ይታወቃል። ከጎረቤቶቹ ያነሰ ቡሪቶ በበለጠ ዋጋ ይሸጣል የሚል ወቀሳ ባይጠፋም፣ በ2014 ፋይቭ ሰርቲ ኤይት የተባለው የዜና ድረ ገጽ ባካሄደው አገር አቀፍ ውድድር ቡሪቶው አንደኛ ወጥቷል፤ በ2017 ደግሞ ቤቱ ለነባር የአካባቢ ምግብ ቤቶች የሚሰጠውንና በአሜሪካ የምግብ ሙያ የሚከበረውን የጄምስ ቢርድ ሽልማት አግኝቷል። በእኔ ግምት ወቀሳው ፍትሐዊ አይደለም፤ ሩዙ ሲቀር የቀረው ማብዣው ነውና።

ታኮ ላይ ግን የሚመዘነው በቅድሚያ ቶርቲያው ነው። በቆሎው በኖራ ውኃ ተቀቅሎ ካደረ በኋላ ይታጠብና ይፈጫል፤ ሊጡ ተዳምጦ ኮማል በሚባለው ምጣድ ላይ ይጋገራል። በኖራ መቀቀሉ ገለባውን ከማላቀቁም በላይ በበቆሎው ውስጥ ያለውን ኒያሲን የተባለ ቫይታሚን ሰውነት እንዲጠቀምበት ያደርጋል። አዲስ የተጋገረ ቶርቲያ የበቆሎ ሽታው ያውዳል፣ ሲታጠፍም አይሰነጠቅም፤ ከፋብሪካ መጥቶ የሰነበተው ግን ስለሚቀደድ ብዙ ቤቶች ለአንድ ታኮ ሁለት ቶርቲያ ደርበው ያቀርባሉ። መደረቡ በራሱ ነውር አይደለም፤ መረቅ የሚበዛው ሥጋ ሲሆን ያስፈልጋል። በ2024 ምርጥ ምግብ ቤቶችን ከሚመርጠው የሚሽለን መመሪያ ኮከብ ያገኘው የሜክሲኮ ሲቲው ኤል ካሊፋ ዴ ሌዮን ቆመው የሚበሉበት ጠባብ ቤት ሲሆን፣ የሚሸጠውም አራት ዓይነት ታኮ ብቻ ነው። ቶርቲያው ግን እዚያው ደንበኛው ፊት ይጋገራል።

ከሥጋዎቹ የቤቱን ጥረት በይበልጥ የሚያሳየው አል ፓስቶር ነው። ወደ ሜክሲኮ የፈለሱ ሊባኖሳውያን ይዘውት ከመጡት ሻዋርማ የተወለደ ሲሆን፣ አቺዮቴ በሚባለው ቀይ ቅመምና በበርበሬ የተዘፈዘፈ የአሳማ ሥጋ ትሮምፖ በሚባለው ቋሚ ዘንግ ላይ ተደርድሮ እየዞረ ይጠበሳል፤ ጠርዙ ሲያር በቢላ እየተላጠ ቶርቲያው ላይ ይወርዳል። ትሮምፖ ሳይኖረው ሥጋውን ከትፎ ብረት ምጣድ ላይ የሚጠብስ ቤት በዚያው ስም ቢሸጠውም ያንን ያረረ ጠርዝ አያገኝም። ምላስና አንጀት የሚያቀርብ ቤት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሜክሲኮ ደንበኞቹን ያላጣ ነው።

በነፃ የሚቀርበውም የዋጋው አካል ነው። ሳልሳው በየዕለቱ የሚፈጭ ከሆነ፣ ሎሚው፣ ሽንኩርቱና የድንብላል ቅጠሉ ካልደረቀ፣ ሁለት ታኮ የበላ ሰው የከፈለው አይቆጨውም። መጠጡ ግን በተጨማሪ ሒሳብ ነው፤ ከሩዝና ከቀረፋ የሚዘጋጀው ኦርቻታ ጣፋጭነቱ ይበዛል፣ ሐማይካ የሚሉት ደግሞ እኛ ከርከዴ የምንለው ነው።

አሜሪካ የሚኖር ሐበሻ ከማዘዙ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ነገር አለ። ካርኒታስና አል ፓስቶር የአሳማ ሥጋ ናቸው፤ ቾሪሶ የሚባለው ቋሊማም አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያው ነው። ለጾም ይሆናል ተብሎ የሚታዘዘው የተፈጨ ቦሎቄም በብዙ ቤት በአሳማ ስብ ይቁላላል፤ ሩዙም በዶሮ መረቅ የበሰለ ሊሆን ይችላል። ያልተፈጨው ቦሎቄ ከስብ ነፃ የመሆን ዕድሉ የተሻለ ቢሆንም፣ አሠራሩ ከቤት ቤት ስለሚለያይ ባንኮኒው ላይ መጠየቅ የግድ ነው።